ሪፖርቱ ደረሰ፤ ሥራውስ?

በመሥሪያ ቤቶቻችን በዓመት አራት ጊዜ የሚመጣ ወቅት አለ። ክረምትም አይደለም፣ በጋም አይደለም፤ የሪፖርት ወቅት ነው። መስከረም መጨረሻ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ መጋቢት መጨረሻ፣ ሰኔ መጨረሻ። በእነዚህ ቀናት አንዱን ባለሙያ "ና እስኪ ሻይ እንጠጣ" ብትሉት "ኧረ ተወኝ! ሪፖርት ላይ ነኝ" ነው መልሱ። ያለፈው ሩብ ዓመት የኤክሴል ፋይል ይከፈታል። በአዲስ ስም "ሴቭ" ይደረጋል። ቀኑ ይቀየራል፣ መቶኛው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቢጫ የነበረው ሣጥን አረንጓዴ ይቀባል። ከኤክሴል ወደ ዎርድ፣ ከዎርድ ወደ ፓወርፖይንት። ማታ ላይ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ሲያቃስት "በቃ ነገ ጠዋት ይደርሳል" ተብሎ ወደ ቤት ይኬዳል።

እኔም ከዚህ ወቅት ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የፕሮጀክት ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ሌሎች የጻፉትንም አንብቤአለሁ። እናም ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ጥያቄ ነበር። ያ በቀለም ያሸበረቀ ሠንጠረዥ፣ ያ እንደ ደረጃ እየወረደ ወደ ቀኝ የሚሄድ የሥራ መርሐ ግብር፣ ያ "67 በመቶ" የሚል ቁጥር መጀመሪያ ከየት መጣ? ማንስ፣ ለምን ብሎ አመጣው? ሰው ስለ ሥራው ሪፖርት መሥራት የጀመረው አለቃውን ለማስደሰት ነው ወይስ ሌላ ምክንያት ነበረው? ታሪኩን ስከታተለው፣ መነሻው ዛሬ ከምናደርገው ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ አገኘሁት። እስኪ አብረን እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ኮምፒውተር ሳይታሰብ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ካሮል አዳሚዬትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ መሐንዲስ በብረት ፋብሪካዎች ሲሠራ አንድ ነገር ያስተውላል። አንዱ ክፍል ሥራ በዝቶበት ሲራወጥ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ማሽኖቹ ደህና ናቸው፣ ሠራተኞቹም ሰነፎች አይደሉም። የጎደለው አንዱ ከሌላው ጋር መናበብ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1896 እያንዳንዱ ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሳይ ሥዕል አዘጋጀ። ስሙንም "ሃርሞኖግራም" አለው፤ ሥራዎች ተስማምተው እንዲሄዱ ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፎቹ በፖላንድኛና በሩሲያኛ ስለነበሩ የቀረው ዓለም ብዙም ሳይሰማለት ቀረ። ስሙን ያስጠራው ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ነው። በ1861 የተወለደ፣ በመምህርነት ጀምሮ መካኒካል መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ጥይትና መርከብ በአስቸኳይ ማምረት ግድ ሆነባት። ትእዛዙ ብዙ ነው፣ ፋብሪካው ብዙ ነው፤ የቱ ጋ እንደተንጓለለ የሚያውቅ ግን የለም። ጋንት ሠንጠረዡን ይዞ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

የዚያ ሠንጠረዥ አሠራር ምን መሰላችሁ? ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቦታ ይሰጣል። ቦታው የዕለቱ ዕቅድ ነው። የታቀደው በሙሉ ከተሠራ መስመሩ ቦታውን ሞልቶ ይሄዳል፤ ግማሹ ከተሠራ ግማሹ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ደግሞ እስካሁን የተሠራውን ድምር የሚያሳይ ወፍራም መስመር አለ። አንድ ኃላፊ ወረቀቱን አንዴ ቢያየው የትኛው ሥራ ወደ ኋላ እንደቀረ ሳይነግሩት ያውቃል። ዕቅዱና ክንውኑ በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ስለሚታዩ መሸሸጊያ የለም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ማሽን ሥራ ፈትቶ በቆመበት ቀን፣ መስመሩ በጎደለበት ቦታ ላይ ምክንያቱን የሚገልጽ ፊደል ይጻፍ ነበር። ሠራተኛ ስላልነበረ ነው? ጥሬ ዕቃ ስላልደረሰ? ማሽኑ ጥገና ላይ ስለሆነ? እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ ምልክት ነበረው። ጋንት ማሽን ሥራ ፈትቶ ሲቆም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ሳይሆን የአስተዳደሩ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚጠይቀው "ስንት በመቶ ደረሳችሁ?" ብሎ አይደለም። "የት ቆመ? ለምን ቆመ? ማን ያስነሣው?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከታች ያለው ለላይኛው የሚያቀርበው ማመልከቻ እንጂ ውዳሴ አልነበረም ማለት ነው።

ጋንት በ1919 ሞተ። ባልደረባው ዋላስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ሠንጠረዡ መጽሐፍ ጻፈና ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ "ጋንት ቻርት" ስንል የምናነሣው ይህንኑ ሰው ነው።

ታዲያ ማመልከቻው መቼ ውዳሴ ሆነ? ቁርጥ ያለ ቀን ባይኖረውም አንድ ትልቅ ምልክት አለ። ዘመኑ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የተፋጠጡበት የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ስትልክ አሜሪካ ደነገጠች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ የሚተኮስ ፖላሪስ የተባለ ሚሳይል እየሠራ ነበር። ሥራው በሺዎች ለሚቆጠሩ ተቋራጮች ተከፋፍሏል። የፕሮጀክቱ ቢሮ "ፐርት" የተባለ አዲስ ዘዴ አወጣ። ሥራዎቹ በክብና በቀስት ይያያዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት የጊዜ ግምት ይሰጠዋል። ሁሉ ነገር ከቀና፣ እንደ ወትሮው ከሆነ፣ ሁሉ ነገር ከተበላሸ እየተባለ። ከዚያ ስሌቱ ለኮምፒውተር ይሰጣል። በዚያን ዘመን እንግዲህ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነው።

ሚሳይሉ ተሳካ። በሐምሌ 1960 (እ.ኤ.አ.) ጆርጅ ዋሽንግተን ከተባለችው መርከብ፣ ከውኃ ሥር ተተኮሰ። ፐርትም ዝናው ናኘ፤ በየሀገሩ "እኛም ፐርት እንጠቀም" ተባለ። ሃርቪ ሳፖልስኪ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ግን ጉዳዩን ቀርቦ አጠናና በ1972 መጽሐፍ አሳተመ። የደረሰበት ድምዳሜ ጉድ የሚያሰኝ ነው። እንደ እሱ አባባል ሥራውን የሚሠሩት የቴክኒክ ሰዎች ፐርትን ያን ያህል አልተጠቀሙበትም። ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነበር። ከላይ የሚመጣ እንግዳ፣ የምክር ቤት አባል፣ በጀት ተቆጣጣሪ ወደ ቢሮው ሲገባ ግድግዳውን የሞላውን ሠንጠረዥ አይቶ "እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ" ብሎ እንዲሄድ፣ እጁንም እንዳያስገባ ማድረግ ነበር።

ልብ በሉ። ፕሮጀክቱ በእርግጥ ተሳክቷል፤ ሠራተኞቹም ጎበዞች ነበሩ። ነገር ግን ሪፖርት ሁለተኛ ሥራ እንዳለው ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ጋንት ቻርት ችግርን ለማሳየት ተሠርቶ ነበር፤ የፖላሪስ ሠንጠረዥ ደግሞ እንግዳን ለመመለስ ጠቀመ። ከዚያ ወዲህ ማንኛችንም የምንጽፈው ሪፖርት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ነው።

አሁን ወደ ቢሯችን ጠረጴዛ እንምጣ። ዳን ብሪክሊን የተባለ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ሲሠራ ያያል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ወይም ከተቀየረ፣ ከእሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ነው። "ይህን ራሱ የሚያስተካክል ሰሌዳ ቢኖርስ?" አለ። ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክን አወጣ። በ1983 ሎተስ 1-2-3 መጣ። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ወጣ። ለፕሮጀክት ሥራ ተብሎ የተዘጋጀው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትም በ1984 ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን እሱ የባለሙያ ዕቃ ሆኖ ቀረ። አብዛኛው ሰው ሪፖርቱን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ባገኘው ነው፤ በኤክሴል።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። በአንደኛው ዓምድ የሥራውን ስም፣ በሁለተኛው የሚጀመርበትን ቀን፣ በሦስተኛው የሚፈጀውን ቀናት ብዛት ትጽፋላችሁ። "ስታክድ ባር" የሚባለውን ግራፍ ትመርጣላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳየውን አሞሌ ቀለም አልባ ታደርጉታላችሁ። በቃ! የቀረው ባለቀለሙ አሞሌ በየቀኑ ቦታ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ጋንት ቻርት ሆነ። አንድ ንድፍ ሠሪ በማስመሪያና በቀለም ቀኑን ሙሉ ይለፋበት የነበረውን እናንተ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሱታላችሁ።

ነገር ግን ቅለቱ ዋጋ አለው። በወረቀቱ ዘመን ቀለም ቀለም ነው፤ የዘገየ ሥራ መዘግየቱ ተሰምሮ ይኖራል። በኤክሴል የመጀመሪያውን ቀን "ጥር 1" ከነበረበት ወደ "መጋቢት 1" ስትቀይሩት አሞሌው ራሱ ሸርተት ብሎ ይሄድና አዲሱ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። የቀድሞው ቀን የት ሄደ? ጠፋ። ሁለት ወር የዘገየው ሥራ በአንድ ጊዜ "በዕቅዱ መሠረት እየተካሄደ ያለ" ሆነ። ማንም አልዋሸም እኮ! አንድ ሣጥን ብቻ ነው የተቀየረው።

ለእኛ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን "1" ብሎ ከዚያ እየቆጠረ ይመጣል። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሀገር እንዳለ አያውቅም። መስከረም 5 ቀን 2018ን 5/1/2018 ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለ ከሆነ ሜይ 1 አድርጎ ይቀበላችኋል። ጳጉሜን 3ን 3/13/2017 ብትሉት ማርች 13 ይሆናል። እሱ ምንም አይሰማውም፤ የሚሳሳተው የእናንተ ሪፖርት ነው። ስለዚህ ወይ በፈረንጅ ቀን ሠርቶ መመለስ ነው፣ ወይ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ጽፎ ስሌቱን በጣት መቁጠር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የለጋሹ ድርጅት በጃንዋሪ ወይም በኦክቶበር ይጀምራል፤ አንዱን ሥራ ለሁለት ጌታ ሁለት ጊዜ መሥራት የተለመደ ነው።

ፊደሉም የራሱ ታሪክ ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአንዱ ኮምፒውተር በአማርኛ የተጻፈ ሪፖርት፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ቁርጥራጭ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር። ሪፖርት ከፍሎፒ ዲስክ ጋር "ፎንቱንም ጨምርልኝ" እየተባለ የሚላክበት ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜ ባለሙያ ግማሽ ጉልበቱ የሚያልቀው ይዘቱ ላይ ሳይሆን ፊደሉን ከመፍረስ በማዳን ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከኤክሴል ቀጥሎ የመጣው ፓወርፖይንት ነው። ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርሶት በሚባል አነስተኛ ኩባንያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1987 አወጡት፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ማለት ተነብቦ የሚታሰብበት ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ መብራት ጠፍቶ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ወደ መሆን አዘነበለ። ይህ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የታየው በ2003 ነው።

ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ተነሣች። ከተነሣች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ ከነዳጅ ታንኩ ላይ የአረፋ መሸፈኛ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታት። መሐንዲሶች "ጉዳት አድርሶ ይሆን?" ብለው መረመሩ። ውጤቱንም በፓወርፖይንት አቀረቡ። ከስላይዶቹ በአንደኛው ላይ በትልቁ የተጻፈው ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ከሥሩ ነጥብ በነጥብ፣ ነጥቡም ከሥሩ ሌላ ነጥብ እየወለደ፣ ፊደሉም እያነሰ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ፣ በትንሹ ፊደል፣ አንድ ነገር ተጽፏል። ክንፏን የመታው ቁራጭ ከዚህ በፊት ሙከራ ከተደረገበት ቁራጭ ጋር ፈጽሞ የሚወዳደር አይደለም። ሙከራው በሦስት ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ነበር፤ የመታት ደግሞ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ገደማ ተገምቷል። 640 እጥፍ ማለት ነው! ይህ በርዕሱ ላይ መጻፍ የነበረበት ነገር ነው። ኃላፊዎቹ ርዕሱን አይተው ተረጋጉ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም አለቁ።

ስላይዱ ገደላቸው አልልም። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በነሐሴ 2003 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት ብዙ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ነገር ግን ያችን አንዲት ስላይድ ለይቶ አሳይቶ፣ የቴክኒክ ጽሑፍ መጻፍ ሲገባ በስላይድ መነጋገር የድርጅቱ ሕመም ምልክት መሆኑን ተችቷል። ኤድዋርድ ታፍቲ የሚባለው የመረጃ አቀራረብ ምሁርም ስላይዷን መስመር በመስመር ተንትኗታል። እውነቱ በሪፖርቱ ውስጥ ነበረ፤ የተጻፈው ግን ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው።

ይህ የሠለጠኑት ሀገሮች ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወደ ቤታችን ስንመጣ ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ርዕስ አለ። የሪፖርታችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ይገኛል። "ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ የመፍትሔ እርምጃዎች" ይላል። የጋንት ፊደሎች የልጅ ልጅ እሱ ነው። ከሥሩ የሚጻፈውንም ታውቁታላችሁ፤ "የበጀት መዘግየት፣ የተሽከርካሪ እጥረት፣ የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ማነስ"። መፍትሔውም "በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል" ነው። ባለፈው ሩብ ዓመትም ይኸው ነበር፤ በሚቀጥለውም "ሴቭ" ይደረጋል። ማን አዘገየ? ስንት ቀን? ማን ይወስን? አይባልም። ጻፊውም፣ አንባቢውም ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው።

አንድ ጊዜ አፈጻጸሙ 92 በመቶ ደርሷል የተባለ የገጠር የውኃ ፕሮጀክት ለማየት ሄጄ ነበር። ሪፖርቱ ያማረ ነው፤ ሁሉም ሣጥን አረንጓዴ። ቦታው ስንደርስ በእርግጥ ቦዩ ተቆፍሯል፣ ቧንቧው ተቀብሯል፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ተገንብቷል፣ ቦኖዎቹ ቆመዋል። የቀረው ፓምፑ ብቻ ነው፤ ግዢው አላለቀም። መቶኛው የተሰላው በወጣው ገንዘብ ስለነበረ ፓምፑ ስምንት በመቶ ብቻ ነው የያዘው። ቢጫ ጄሪካን ያዘሉ አንዲት እናት "እንዴት ነው እማማ፣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ነው እኮ" ስላቸው ሸክማቸውን ሳያወርዱ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ዘጠና ሁለቱን ለናንተ ትተንላችኋል፤ ስምንቷን አምጡልን።"

የእማማ ሒሳብ ከኤክሴሉ ይበልጥ ትክክል ነበር። ለእሳቸው ፕሮጀክቱ ዜሮ በመቶ ነው። ውኃ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

በትልቁም ያየነው ይህንኑ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፣ በ8100 መልእክት ላከ፣ ደመወዙን ሰጠ። በየጊዜውም "ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደረሰ" ሲባል ሰምቶ ደስ አለው። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሄደ፤ ግን የአንድ ግድብ አማካይ ኮንክሪቱንና ተርባይኑን አንድ ላይ ደባልቆ ነው የሚናገረው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በአምስት ዓመት ሊያልቅ የታሰበው ግድብ እንደዘገየ፣ የብረታ ብረት ሥራውን የያዘው ሜቴክ ሥራውን ማድረስ ስላልቻለ ለሌሎች ተቋራጮች እንደሚሰጥ በይፋ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ኃይል የሚያመነጭ አንድም ተርባይን አልነበረም። ብዙ ሰው አዘነ፣ ተቆጣም። ሆኖም ሥራው ወደ መንገዱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። እኔ ከዚህ የምማረው፣ መራራው ሪፖርት ግድቡን እንዳላፈረሰው ነው። ቀደም ብሎ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስንት ዓመት ይተርፍ እንደነበር አስቡት።

እንግዲህ መጥፎ ዜና የሚያመጣ ሪፖርት ለምን ይጠፋል? መልሱ ሶፍትዌሩ ውስጥ የለም፤ የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። ይህን በደንብ የሚያሳይ ታሪክ የፎርድ መኪና ኩባንያ ነው። አለን ሙላሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የኩባንያው ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ በየሳምንቱ ስብሰባ ጠራ። እያንዳንዱ ኃላፊ ሥራውን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም እንዲያሳይ አዘዘ። ሁሉም አረንጓዴ ይዞ መጣ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ እየከሰረ ነው! ሙላሊ ይህን ያህል እየከሰርን አንድም ችግር የለም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። በኋላ ማርክ ፊልድስ የሚባለው ኃላፊ ችግር የተገኘበትን አዲስ መኪና በቀይ አድርጎ አቀረበ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሰውየው ዛሬ አለቀለት ተባለ። ሙላሊ ግን አጨበጨበለት። ከዚያም "ማን ሊያግዘው ይችላል?" አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሠንጠረዦቹ ሁሉ ቀለማቸው ተቀየረ፤ ቀዩም ቢጫውም ብቅ ብቅ አለ። ኩባንያው እውነተኛውን ገጽታውን ያየው ያን ጊዜ ነው።

የጋንት ጥያቄ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። "የት ቆመ? ማን ያስነሣው?"

ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ያው ኤክሴላችን ይበቃል። አንደኛ፣ መጀመሪያ የታቀደውን ቀን የሚይዝ ዓምድ ለብቻው ይኑር፤ ከጸደቀ በኋላ ይቆለፍ፣ ማንም አይንካው። አዲሱ ቀን ከጎኑ ይጻፍ። በሁለቱ መካከል ያለውን የቀን ልዩነት ኤክሴሉ ራሱ ይቀንሰው። ሁለተኛ፣ የመዘግየት ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር፤ እንደ ጋንት ፊደሎች በዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፤ ግዢ፣ በጀት፣ ዕቃ፣ የሰው ኃይል፣ ውሳኔ። በዓመቱ መጨረሻ "ውሳኔ" የሚለው ስንት ጊዜ እንደተመረጠ ቁጠሩት፤ ብዙ ይነግራችኋል። ሦስተኛ፣ "ማን፣ እስከ መቼ ይወስን?" የሚል ዓምድ ይኑር። "ባለድርሻ አካላት" ብሎ መሙላት ግን ክልክል ይሁን። አራተኛ፣ አማካዩን ብቻ አትጻፉ፤ ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረውን ሥራ በስሙ ከላይ አስቀምጡት። ፓምፑ ገጽ አንድ ላይ ይምጣ።

ለአለቆች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ቀይ ሣጥን ይዞ የመጣውን የመጀመሪያውን ሰው ከገሠጻችሁት ሁለተኛ አይመጣም። ከዚያ በኋላ የምታዩት አረንጓዴ ሁሉ የእናንተው ሥራ ነው።

አባቶቻችን "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" ያሉት ስለ እርሻ ነበር። እርሻው የኤክሴል ሠንጠረዥ ሲሆንም አረሙ አይቀርም። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲደርስ ያለፈውን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት "ይህን ሪፖርት የሚያነበው ሰው ምን እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ?" ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። መልስ ካገኛችሁ እሱን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።